ምስክሩን ከመቅጣት በፊት፦ የመኪናን ኦክሲጅን ሴንሰር ስለ መረዳትና ስለ መለወጥ

ለፋኩልቲው ማኅበረሰብና ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ አንድ የመኪና ዕቃ ነው። ኦክሲጅን ሴንሰር ይባላል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ተሰክቶ በጭሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክሲጅን እንደቀረ ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግራል። መኪና የምትነዱ ሰዎች ስሙን መጀመሪያ የሰማችሁት የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶባችሁ ጋራዥ በገባችሁበት ቀን ይሆናል። የምርመራ መሣሪያው ይሰካል፤ አንድ የስሕተት ቁጥር ይነበባል፤ «ሴንሰሩ ሄዷል፣ ይለወጥ» ይባላል። ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃውን ገዝቶ ይመጣል። ይገጠማል፤ መብራቱም ይጠፋል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሶ ይበራል።

ለምን ተመልሶ እንደሚበራ ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው፤ ኦክሲጅን ሴንሰር ምስክር ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ እንደ ተከሳሽ ይፈረድበታል። ምስክሩ ያየውን ተናግሮ ሳለ በተናገረው የተነሣ ነቅለን እንጥለዋለን፤ ጥፋተኛው ግን በቦታው ይቆያል። አዲሱ ምስክርም ቀርቦ ያንኑ ቃል ይደግማል።

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንግግሬን በዚሁ ከፍዬዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል አነጋገሩን ይመለከታል፤ ሴንሰሩ ምን እንደሚልና ቃሉ እንዴት እንደሚመዘን። ሁለተኛው አያያዙን ይመለከታል፤ መለወጥ ሲገባው እንዴት እንደሚለወጥ።

ሴንሰሩ ለምን አስፈለገ?

አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ካነሰ ድብልቁ ነዳጅ የበዛበት ይሆናል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጭሱ ጋር ይወጣሉ። አየሩ ከበዛ ደግሞ ኦክሲጅን ይተርፋል፤ ሞተሩም ኃይል ያጣል።

ይህ ምጣኔ በጥብቅ መጠበቅ ያስፈለገው በካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ምክንያት ነው። ካታሊስቱ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ከኦክሲጅን ጋር ያዋሕዳል፣ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ኦክሲጅንን ይነጥቃል። መስጠትና መንጠቅ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው የሚሳኩት ድብልቁ በዚያች ጠባብ ምጣኔ ዙሪያ ሲቆይ ብቻ ነው። ካርቡሬተር ይህን ያህል ትክክለኛነት ሊሰጥ አልቻለም። ጭሱን እያየ «ቀንስ፣ ጨምር» የሚል ተመልካች ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የሳይንሱ መሠረት ግን ከመኪናው ሥራ እጅግ ይቀድማል። ጀርመናዊው ኬሚስት ዋልተር ኔርንስት በሁለት ወገን ያለ የመጠን ልዩነት ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚፈጥር የሚያሰላውን ቀመር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1889 ነበር። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻም ከይትሪያ ጋር የተቀላቀለ ዚርኮኒያ የተባለ ሴራሚክ ሲግል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ተገንዝቦ መብራት ሠራበት። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በመኪና ላይ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የቦሽ ኩባንያ ሴንሰር ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጁ የቮልቮ መኪኖች ላይ ሲገጠም። መሠረታዊ ምርምር ምን ይጠቅማል ብለው ለሚጠይቁ ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ አዘውትሬ እነግራቸዋለሁ።

ምስክሩ እንዴት ይናገራል?

ሴንሰሩ በውስጡ የልብስ ሰፊ ጣት መከላከያ የመሰለ የዚርኮኒያ ቆብ አለው። የውጭ ገጹ ጭሱን፣ የውስጥ ገጹ ደግሞ ንጹሕ አየርን ይነካል። ሁለቱም ገጾች በስሱ ፕላቲነም ተቀብተዋል። ሴራሚኩ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የኦክሲጅን አዮኖች በውስጡ መንቀሳቀስ ይችላሉ። በንጹሕ አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ኦክሲጅን አለ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ከዚህ ያነሰ ስለሆነ በሁለቱ ገጾች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል።

መጠኑን በኔርንስት ቀመር እናስላው። የሴራሚኩ ሙቀት 600 ዲግሪ ነው እንበል። በጭሱ ውስጥ 2 በመቶ ኦክሲጅን ከቀረ የምናገኘው 0.04 ቮልት ገደማ ነው። ድብልቁ ነዳጅ የበዛበት ሲሆን ግን በፕላቲነሙ ላይ የሚቀረው ኦክሲጅን ከምንም የማይቆጠር ይሆናል፤ ቮልቴጁም ወደ 0.8 እና ከዚያ በላይ ይዘላል። በሁለቱ መካከል ያለው መሸጋገሪያ እጅግ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ሴንሰር «ምን ያህል በዛ?» ተብሎ ቢጠየቅ በቅጡ አይመልስም፤ «በዛ ወይስ አነሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ፈጥኖ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ 0.45 ቮልትን እንደ ድንበር ይይዛል። ከበላይ ሲሆን ነዳጅ ይቀንሳል፤ ከበታች ሲሆን ይጨምራል። በጤነኛ መኪና ላይ የፊተኛው ሴንሰር ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ሲወጣና ሲወርድ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው፤ መዋዠቁ የጤንነት ምልክት እንጂ ብልሽት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ለምናስተምር ሰዎች አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሴንሰሩ በዚህ አይሳሳትም ወይ? አይሳሳትም። የሚያነጻጽረው በውስጥና በውጭ ያለውን ኦክሲጅን ነው፤ ከፍታው ደግሞ ሁለቱንም በአንድነት ይቀንሳል። ከጅቡቲ ወደብ የወጣች መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ አየሩ ቢሳሳም ኮምፒውተሯ ራሱን የሚያርመው በዚህ ምስክር ጭምር ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ያላት አሮጌ መኪና ግን እዚህ ስትደርስ ነዳጅ አብዝታ ታጨሳለች።

ቃሉን መመዘን

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክሲጅንን ነው። ነዳጅን አያይም። «ነዳጅ በዛ» ወይም «ነዳጅ አነሰ» የሚለው የኮምፒውተሩ ትርጉም ነው። በምስክሩ ቃልና በዳኛው ትርጉም መካከል ስሕተት ሊገባ የሚችልበት ሰፊ ቀዳዳ አለ።

ለምሳሌ አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ቀረ እንበል። በዚያ ሲሊንደር የገባው ነዳጅም አየርም ሳይቃጠል ይወጣል። ሴንሰሩ ያልተቃጠለውን ኦክሲጅን አይቶ «ኦክሲጅን አለ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ኮምፒውተሩ ግን ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል ብሎ ይተረጉምና ነዳጅ ይጨምራል። መኪናዋ ነዳጅ እያባከነች ሳለ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈስባታል።

ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ ሲሰነጠቅም እንዲሁ ነው። ጭስ የሚወጣው በግፊት ሞገድ ነው፤ በሁለት ግፊቶች መካከል ስንጥቁ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሴንሰሩ ከሞተሩ ያልመጣ ኦክሲጅን ያያል።

እዚህ ላይ በትምህርት ክፍላችን ወርክሾፕ ያየነውን አንድ ጉዳይ ላንሣ። አንድ ባልደረባችን ያመጣት የቤት መኪና ፒ0171 የሚል ቁጥር ታወጣ ነበር፤ ይህም በአንደኛው ወገን ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። በዚሁ ቁጥር የተነሣ የፊተኛው ሴንሰር ሁለት ጊዜ ተለውጦላታል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የተመለከቱት የነዳጅ እርማቱን ነበር፤ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ከ20 በመቶ በላይ ነዳጅ እየጨመረ ነበር። ቀጥለው ካንዴላዎቹን ፈቱ። ሁሉም በጥላሸት ጠቁረዋል። ይህ ሁለት የሚጋጩ ምስክርነቶች ያሉበት መዝገብ ነው፤ ሴንሰሩ «ነዳጅ አንሷል» ያሰኛል፣ ካንዴላዎቹ «ነዳጅ በዝቷል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ሁኔታ ቢፈለግ፣ የውጭ አየር በሴንሰሩ ፊት መግባቱ ሆኖ ተገኘ። የጭስ መውጫው ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበት ጋስኬት ተበልቶ ነበር። ጋስኬቱ ተለወጠ፤ እርማቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ የተገዛው ሴንሰር እስከ መጨረሻው ጤነኛ ነበር፤ የመጀመሪያውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ የምንማረው ቁጥሮቹን በሁለት ወገን መክፈልን ነው። ፒ0171 እና ፒ0172 ስለ ድብልቁ ይናገራሉ፤ ስለ ሴንሰሩ አይናገሩም። ፒ0420 የኋለኛው ሴንሰር በካታሊስቱ ላይ የሰጠው ቃል ነው። ፒ0135 ግን የሴንሰሩን ማሞቂያ መሥመር ይከሳል፤ ፒ0133 ደግሞ የሴንሰሩን ምላሽ መዘግየት። እነዚህ ሁለቱ ወደ ሴንሰሩ ያመለክታሉ፤ ያም ሆኖ በፒ0135 ጊዜ ፊውዙና ሽቦው፣ በፒ0133 ጊዜ የጭስ ማፍሰስ አስቀድመው ይጣራሉ።

የነዳጅ እርማት ከስሕተት ቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። እስከ 10 በመቶ ገደማ የሚደርስ እርማት በብዙ መኪኖች እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። እርማቱ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከፍ ብሎ በ2,500 ዙር ላይ ከረገበ፣ ከአየር መለኪያው በኋላ ያልተለካ አየር የሚያስገባ የላላ ቱቦ ይጠረጠራል። ሞተሩ ሸክም ሲጨምር እርማቱም ከጨመረ ግን ዓይናችን ወደ ነዳጅ ፓምፑና ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ይዙር። ይህን ለማንበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን የሚያነብበው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ይህንንም ያሳያል። የሚጎድለው ገጹን ገልጦ የሚያይ ሰው ነው።

ምስክሩን ዝም ማሰኘት

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲደፈን፣ ወይም በውስጡ ስላለው ውድ ማዕድን ሲባል፣ ተነቅሎ ቱቦ የሚበየድባቸው መኪኖች በከተማችን እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። የኋለኛው ሴንሰር የተቀመጠው ይህን ለመመስከር ነው። ካታሊስቱ ሲሠራ ኦክሲጅንን ስለሚያከማችና ስለሚለቅ የኋለኛው ቮልቴጅ የረጋ ይሆናል። ካታሊስቱ ከሌለ የኋለኛው እንደ ፊተኛው ይዋዥቃል፤ መብራቱም ይበራል። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ሴንሰሩን ከጭሱ የሚያርቅ ማስረዘሚያ ይገጥማሉ፤ ሌሎች የሐሰት ቮልቴጅ የሚሰጥ ዕቃ ያስገባሉ። ይህ በፍርድ ቤት ቋንቋ ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን በታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። የመኪናው ባለቤት መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው እግረኛው ነው። መሐንዲስ የምትሆኑ ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብላችሁ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ እንዳልቀረበላችሁ አስቡ።

ምስክሩ በእርግጥ ሲታመም

ሴንሰር አይሞትም አላልኩም። ያረጃል። ማሞቂያ የሌላቸው የቀድሞዎቹ ከ50,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር፣ ማሞቂያ ያላቸው 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ይመረዛልም። በቀድሞ ጊዜ ዋናው መርዝ በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ነበር፤ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ፣ በዓለም ሁሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመኪና መሸጡ ቀርቷል። ዛሬ የሚመርዙት ሞተሩ የሚበላው ዘይት አመድ፣ ወደ ሲሊንደር የሚያፈስስ የራዲያተር ፈሳሽ፣ እንዲሁም ያለቦታው የተቀባ ሲሊኮን ናቸው። መርዙ ሳይቆም አዲስ ሴንሰር ቢገጠም እርሱም ይመረዛል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ የማሞቂያው ሁለት ሽቦዎች በኦም ሜትር ይለካሉ፤ ጤነኛ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኦም እስከ አሥራዎቹ ያነብባል። መሥመሩ የተቆረጠ መሆኑን ካሳየ ሴንሰሩ ያለ ክርክር ይለወጣል። ማሞቂያው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ አንድ የቫኩም ቱቦ ለአፍታ ይነቀል፤ የ0.1–0.9 ቮልቱ ሴንሰር ወዲያው ከ0.2 ቮልት በታች መውረድ አለበት። ቱቦው ተመልሶ ሲሰካ፣ ሲበዛበት የቆየው ነዳጅ ቮልቴጁን ከ0.8 በላይ ሊያወጣው ይገባል። እያየ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ያን ጊዜ ፍርዱ ትክክል ነው።

ካያያዝ ይቀደዳል

አሁን ወደ አያያዙ። አስቀድሞ የትኛው እንደሆነ ይታወቅ። አንደኛ ወገን የሚባለው አንደኛ ሲሊንደር ያለበት ነው፤ አንደኛ ሴንሰር ከካታሊስቱ በፊት፣ ሁለተኛው ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ነው። ቀጥሎ ዓይነቱ ይለይ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የፊተኛው ሴንሰር እስካሁን የገለጽኩት ዓይነት አይደለም፤ የኦክሲጅኑን መጠን በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ፣ «ምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄም የሚመልስ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይሠራም። ለአንደኛው የሰጠሁት የቮልት ቁጥርም ለሌላው አያገለግልም። ገበያ ስትወጡ የአሮጌውን ዕቃ ቁጥር ይዛችሁ ውጡ፤ «ይገጥማል» የሚለው ቃል ጥርሱን እንጂ ሥራውን አያረጋግጥም።

ሲፈታ ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን፤ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ጥርሱ ይነክሳል፣ ሲግል እጅን ያቃጥላል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አስቀድሞ ይረጭና ጥቂት ይቆይ። መፍቻው ሽቦውን የሚያሳልፍ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ የ22 ሚሊሜትር መፍቻ ቢሆን ይመረጣል።

አዲሱ ሲገጠም ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ጥርሱ እንዳይነክስ የሚቀባው ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ ይሁን፤ ጫፉን ከነካ ምስክሩን ገና ሳይናገር አሳወርነው ማለት ነው። ብዙዎቹ ቅባቱ ተቀብቶባቸው ስለሚመጡ መጨመር አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ ከወደቀ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይገጠም። ሦስተኛ፣ ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ግድ ከሆነ በሶልደር አይጣበቅ፤ በብዙ ሴንሰሮች ንጹሑ አየር ወደ ውስጥ የሚገባው በሽቦው ክሮች መካከል ነውና ሶልደሩ መተንፈሻውን ይደፍናል። በተጣቃሚ ማያያዣ ይያዝ። ጥብቀቱ በብዙ መኪኖች 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ቢሆንም የመኪናው መመሪያ ይቅደም።

ከተገጠመ በኋላ ቁጥሩ ይሰረዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። መብራቱ የጠፋው ቁጥሩ ስለተሰረዘ ነው እንጂ ብልሽቱ ስለተፈወሰ ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ለመጨረስ በልዩ ልዩ ፍጥነት ለጥቂት ቀናት መነዳት ይፈልጋል። «ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ በራ» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው። መኪናዋን ለባለቤቷ ከማስረከብ በፊት ፍተሻው መጠናቀቁንና የነዳጅ እርማቱ መርጋቱን ማየት የሥራው አካል ነው።

ለምን አሁን?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥርም እንዲህ ያለው ጥያቄ ይበዛል። መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ጤነኛ ሴንሰር ነቅሎ በመጣል የሚባክነው የአንድ ሹፌር የሳምንት ገቢ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በመኪናዋ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ስንሸጋገር ይህ ትምህርት ይቀራል የሚሉ አሉ። ሴንሰሩ ይቀራል። በኤሌክትሪክ መኪናም ግን የባትሪውን ሙቀትና ቮልቴጅ የሚናገሩ ምስክሮች አሉ፤ በእነርሱም ላይ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። «መሣሪያው የሚለካው በእርግጥ ምንድን ነው? ከልኬቱ ወደ ድምዳሜው የተሻገርኩት በምን ድልድይ ነው? ከዚህ ጋር የሚጋጭ ሌላ ማስረጃ አለ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች የለመደ ተማሪ በየትኛውም ሞተር ፊት አያፍርም። መምህራን ባልደረቦቼንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በወርክሾፕ ፈተናችን ዕቃ ፈትቶ ለሚገጥም ከምንሰጠው ነጥብ ያላነሰ፣ ዕቃው መፈታት እንደሌለበት በማስረጃ ላስረዳን ተማሪ እንስጥ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በእጃችሁ የሚያስቸግር የስሕተት ቁጥር ያለባችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።